ዋሽንግተን ሰፈሮቿን በታሪክነት የምትከልለው እንዴት ነው?

በዋሽንግተን ዲሲ 9ኛው ጎዳና እና ዩ ስትሪት በሚገናኙበት አካባቢ የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በአማርኛ በተጻፉት የምግብ ቤት ማስታወቂያዎች ላይ ነው። ቀና ብሎ ፎቁን ቢያይ ግን የቆየ ቀይ ጡብና ቀጭን ረጃጅም መስኮቶች ይጠብቁታል። ባለቤቱ ወጥ ቤቱን ሲያድስ የቅርስ ጉዳይ የሚያነሳበት የለም። የፊት መስኮቱን ሊቀይር ሲነሳ ግን የከተማዋ የታሪካዊ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ይሁን ማለት አለበት፤ ቤቱ የሚገኘው በ1990ዎቹ መጨረሻ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ታሪካዊ ተብሎ በተከለለው የታላቁ ዩ ስትሪት ሰፈር ውስጥ ነውና።

አንድን ቤት ሳይሆን ሰፈርን በጅምላ መከለል በአሜሪካ የተጀመረው በ1931 በቻርለስተን ከተማ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ቀዳሚው ጆርጅታውን ነበር፤ እሱንም ቢሆን በ1950 ልዩ ሕግ አውጥቶ የከለለው የአገሪቱ ምክር ቤት እንጂ ከተማዋ አይደለችም። ከተማዋ በራሷ እጅ ጠንካራ ሕግ ያገኘችው ከብዙ ፍርስራሽ በኋላ ነው። በ1971 በፔንስልቬንያ ጎዳና ላይ ያለው የድሮው ፖስታ ቤት ሊፈርስ ሲል ነዋሪዎች «አታፍርሱት» የሚል ስም የያዘ ማኅበር አቋቁመው አደባባይ ወጡ። ሕንፃው ዛሬም አለ። ከዚያ በኋላ የወጣው የመጀመሪያው ደንብ መፍረስን ከማዘግየት ያለፈ ጉልበት አልነበረውም። መፍረስን በእርግጥ መከልከል የቻለው ሕግ የጸደቀው በ1978 ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው በተከታዩ ዓመት መጋቢት ወር ነው።

ሰፈር ይከለል ብሎ ማመልከት የሚችለው ሁሉም ሰው አይደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ታሪክን መጠበቅ ዓላማው የሆነ ማኅበር ወይም ነዋሪዎች የሚመርጡት የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን መሆን አለበት። አድካሚው ሥራ የሚጀምረው ከማመልከቻው በፊት ነው። አጥኚዎች የድሮ የግንባታ ፈቃዶችንና ካርታዎችን እያገላበጡ እያንዳንዱን ቤት ይመዘግባሉ፤ መቼ ተሠራ፣ ማን ነደፈው፣ ማን ኖረበት እያሉ። ከዚያ ሰፈሩ «ታሪካዊ» የሚባልበት የዘመን ክልል ይወሰናል። በዚያ ዘመን ተሠርቶ መልኩን ያልሳተ ቤት ለሰፈሩ ታሪክ አስተዋፅኦ እንዳለው ይቆጠራል፤ ከዚያ ወዲህ የበቀለው አይቆጠርም። ድንበሩ በየትኛው መንገድ ይለፍ የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከታሪኩ ይልቅ ያጨቃጭቃል።

ማመልከቻው የሚቀርበው ዘጠኝ አባላት ላሉት የታሪካዊ ጥበቃ ገምጋሚ ቦርድ ነው። አባላቱን ከንቲባው ይሾማል፣ የከተማው ምክር ቤት ያጸድቃል። ቦርዱ በይፋ ተሰብስቦ ደጋፊውንም ተቃዋሚውንም ይሰማል፤ የአማካሪ ኮሚሽኑን አስተያየት «ትልቅ ክብደት» ሰጥቶ እንዲመለከት በሕግ ይገደዳል። የቤት ባለቤቶችን ስምምነት ማግኘት ግን ግዴታው አይደለም። ብዙ ሰው የሚበሳጨው እዚህ ላይ ነው፤ ያም ሆኖ በተግባር ነዋሪ ከተነሳበት ሐሳቡ መንገድ ላይ ይቀራል። በ2008 በከተማዋ የቼቪ ቼዝ ሰፈር የቀረበው የክለላ ዕቅድ የወደቀው በነዋሪዎቹ ተቃውሞ ነበር።

ሕጉ አንድ አስገራሚ ቀዳዳ አለው። ለአንድ ሕንፃ ማመልከቻ ከገባ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ሕንፃው እንደተጠበቀ ይቆያል። ለሰፈር ሲሆን ግን ጥበቃው የሚጀምረው ቦርዱ ከወሰነ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥናቱ እየተካሄደ፣ ስብሰባው እየተጠራ ሳለ ማፍረስ የፈለገ ባለቤት ሊቀድም ይችላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ዩ ስትሪት የተከለለው በሕንፃ ውበት ብቻ አይደለም። ነጭና ጥቁር በተለያየበት ዘመን የጥቁር አሜሪካውያን ባንክ፣ ቲያትርና ሆቴል የተደረደሩበት፣ የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት ሰፈር ነው። በ12ኛው ጎዳና ማዕዘን ላይ ያለውን ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ በ1903 የነደፈው ጥቁሩ አርክቴክት ጆን ላንክፎርድ ነው። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል ቃጠሎው የተነሳው ከዚሁ ጎዳና ላይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አካባቢው ለረጅም ዓመታት ባዶ መሰለ። የምድር ባቡር ጣቢያው በ1991 ሲከፈት ገንዘብ ተመልሶ መጣ፤ ክለላውም የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከተከለለ በኋላ የሚመጣው ሥራ ጥቃቅን ነው፤ ለእኔ ግን ደስ የሚለው ክፍል ይህ ነው። የቀለም ምርጫ ላይ ማንም አይናገርም። የፊት መስኮት ግን ከድሮው ጋር በቅርፅም በአከፋፈልም መመሳሰል አለበት፤ ርካሹ የፕላስቲክ መስኮት እዚህ ላይ አያልፍም። በጣሪያው ላይ አንድ ፎቅ መጨመር የሚፈልግ ሰው ደግሞ በእንጨትና በጨርቅ የታሰበውን ቁመት ጣሪያው ላይ ያቆማል። ባለሙያዎቹ ከመንገዱ ማዶ ቆመው ያያሉ። ጨርቁ ከታየ ዕቅዱ ይከለሳል። ከግድግዳው ወደ ውጭ ያበጡት የከተማዋ መስኮቶች ራሳቸው በ1871 በወጣ ሕግ የሕዝብ መሬት ላይ ተንጠልጥለው እንዲወጡ የተፈቀደላቸው ናቸው፤ አብዛኛው የቤት ፊት የአትክልት ቦታም የከተማዋ እንጂ የባለቤቱ አይደለም።

ቦርዱ ማፍረስ ሲከለክል ጉዳዩ ወደ ከንቲባው ወኪል ሊሄድ ይችላል። ወኪሉ የሚፈቅደው አዲሱ ግንባታ ለሕዝብ የተለየ ጥቅም ካለው ወይም ክልከላው ባለቤቱን ከአቅም በላይ የሚጎዳ ከሆነ ነው። ሮድስ ታቨርን የሚባለው ከ1800 አካባቢ ጀምሮ የቆመ ቤት በዚህ በር ወጥቷል፤ ነዋሪዎች በ1983 ድምፅ ሰጥተው ይትረፍ ቢሉም በተከታዩ ዓመት ፈረሰ። ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው የቤት ባለቤቶች ከተማዋ ከ2006 ሕግ ወዲህ ለፊት ገጽታ እድሳት ድጎማ ትሰጣለች። ኪራይ ለሚናርበት ተከራይ ግን ይህ ሕግ የሚለው ነገር የለም።

የእኛ ሰዎች ታሪክ ከዚህ ጋር የተገናኘው በ2005 ነው። ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች የ9ኛው ጎዳና ክፍል «ትንሿ ኢትዮጵያ» እንዲባል ሲጠይቁ፣ ታሪኩ የእኛ ነው ያሉ ጥቁር አሜሪካውያን ነዋሪዎች ተቃወሙ። ስም መስጠት ከክለላው የተለየ ጉዳይ ነው። በክለላው ሰነድ ላይ ያለው ዘመን ግን እንጀራ ወደዚያ ጎዳና ከመድረሱ ብዙ ቀደም ብሎ ያበቃል። ጽሕፈት ቤቱ አዲስ ማስታወቂያ ሲሰቀል መጠኑንና አሰቃቀሉን ያያል፤ ቡሎኑም ጡቡን ሳይሆን በጡቦቹ መካከል ያለውን ማጣበቂያ እንዲበሳ ይመክራል። በምን ቋንቋ እንደተጻፈ አይጠይቅም።