ላፕቶፕ በቅጥነቱ አይፈጥንም

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። «ይህ ወፍራም ላፕቶፕ ተንቀራፈፈብኝ፤ ሸጬው ቀጭን ልግዛ» የሚለኝ ሰው ሳይመጣ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ሰው ለፍቶ ያገኘውን ገንዘብ እንዲህ ሲያባክን ማየት ያንገበግበኛል።

ቀጭን ሁሉ ፈጣን አይደለም። ሰውነቱ በሳሳ ቁጥር የማቀዝቀዣው ቦታ ይጠብባል፤ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ስሌቱን የሚሠራው ቺፕ፣ ራሱን ለማትረፍ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አሮጌውን የሚያንቀራፍፈው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፋይል የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስኩ ነው። በደቂቃ 5,400 ጊዜ በሚዞር ሰሌዳ ላይ ቀጭን ክንድ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ፋይል ይፈልጋል። እሱን በሚተካው፣ በቺፕ ላይ በሚያስቀምጠው ኤስኤስዲ ውስጥ ግን የሚዞር ነገር የለም። ለመነሳት ሦስት ደቂቃ ይፈጅ የነበረ ላፕቶፕ ዲስኩን ብቻ በኤስኤስዲ ቀይሬለት በግማሽ ደቂቃ ሲነሳ አይቻለሁ።

አንድ ኮምቦልቻ የሚማር ልጅ ቀጭን ላፕቶፕ ይዞ መጣ። ባለ 8 ጊጋባይት ራም (ላፕቶፑ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት) አሮጌውን ሰጥቶ፣ ገንዘብም ጨምሮበት የገዛው ነው። «ጋሼ፣ ራም ጨምርልኝ» አለኝ። የታችኛውን ክዳን ፈትቼ አሳየሁት፦ ጥፍር የሚያህሉ ጥቁር ቺፖች ማዘርቦርዱ ላይ ተበይደዋል፤ መሰኪያ የሚባል ነገር የለም። ራሙ 4 ጊጋባይት፣ ማከማቻው 64፣ እሱም የተበየደ። ዊንዶውስ 11 ለመጫን ብቻ ቢያንስ ይህንኑ ይጠይቃል። «አብሽር» ልለው ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ። አሮጌውን ሊያስመልስ ሮጠ፤ ተሽጦ ቆየው።

«ባትሪው ከሞተ አብቅቶለታል» ይባላል፤ ባትሪ ይቀየራል። ካበጠ ግን ዛሬውኑ ይውጣ።

«ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ኮር አይ ሰቨን ከሆነ አይሸነፍም» የሚሉም አሉ። ትውልዱን ተመልከቱ እንጂ! በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው አይ7-2620ኤም ሁለት ኮር (ስሌት የሚሠራ ክፍል) ብቻ ነው ያለው፤ በ2022 የወጣው አይ3-1215ዩ ስድስት አለው።

አሮጌ ሁሉ ይታደስ አልልም። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ነው የሚቀበለው። ከዚያ በታች ላለው ብዙ ገንዘብ አታፍስሱ። መግዛት ካለባችሁ እንደ ቲንክፓድ ቲ480 ሁለት የራም መሰኪያ ያለውን፣ ያገለገለም ቢሆን ምረጡ። ሻጩንም ብር ከመቁጠራችሁ በፊት «ራሙ ይነቀላል ወይስ የተበየደ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ካላወቀ ክዳኑን ከፍቶ ያሳያችሁ።