ድባቴ፦ ቃሉና አጠቃቀሙ

ድባቴ በሥነ አእምሮ ሕክምና ዲፕረሽን ለሚባለው ሕመም የተሰጠ የአማርኛ ስም ነው። በሰው አፍ የሚዘወተረው ግን ድብርት ነው። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። ጅማ ላይ መብራት ሲጠፋ "ደበረኝ" ይባላል። ክረምቱ አላባራ ሲል፣ ጓደኛ ሲቀር፣ ኳስ ሲሸነፉም እንደዚያው። ይህ ድብርት ሻይ ቡና ሲባል ይለቃል። ድባቴ በዚህ አይለቅም።

ሐኪም ድባቴ ነው ለማለት ከ9 ምልክቶች ቢያንስ 5ቱን ያያል። ለ2 ሳምንት፣ ከሞላ ጎደል በየቀኑ መኖር አለባቸው። አንዱ የግድ ወይ የከፋ ስሜት ወይ የፍላጎት ማጣት ነው። ሌሎቹ የምግብ ፍላጎትና የእንቅልፍ መዛባት፣ ድካም፣ መንቀርፈፍ ወይም መቁነጥነጥ፣ ራስን መውቀስ፣ ሐሳብ አልሰበሰብ ማለትና ሞትን ማሰብ ናቸው። ኑሮን ማወኩም ይታያል።

ፍላጎት ማጣትን ብዙዎቻችን አናስተውለውም። ቡና ካላፈላች ቀኑ የማይነጋላትን አንዲት የጅማ እናት አስቡ። አሁንም ረከቦቱን ትዘረጋለች። ቡናው ተቆልቶ ጭሱ ሲዞር ግን ቀና አትልም። ጎረቤት አትጠራም፤ አቦሉን ቀድታ ቶናውን ትተወዋለች። አታለቅስም። ሐኪም ቤት ብትሄድ እንኳ "ራሴን ያቃጥለኛል፣ ሰውነቴን ይጫጫነኛል" ነው የምትለው። አገራችን ውስጥ ድባቴ ብዙ ጊዜ የአካል ሕመም መስሎ ይመጣል።

ጫት ሌላ መደናገር ይጨምራል። ከምርቃና በኋላ የሚመጣው መጫጫንና ሀራራ በቀናት ውስጥ ከተወ ድባቴ አይባልም። ሁለቱ ግን አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። የከፋውን ስሜት ለማባረር ብሎ የሚቅምም አለ። "ጫቱ ነው" ብሎ ነገሩን መዝጋት ስህተት ነው እላለሁ።

ስንናገር "ድባቴ ይዞታል" ወይም "ድባቴ አለባት" እንበል። ሰውየውን በሕመሙ ስም መጥራት ነውር ነው። ወዳጅ የሞተበትንም ሰው ገና በሳምንቱ ድባቴ ይዞታል አንበል፤ ሐዘን ላይ ነው። "ጠንከር በል" የሚለው ምክርም ለታማሚ ወቀሳ ሆኖ ነው የሚሰማው።

ሕክምናው የንግግር ሕክምና፣ መድኃኒት ወይም ሁለቱም ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። መድኃኒቱ ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ይፈልጋል። በ5ኛው ቀን "ምንም አልሠራልኝም" ብለው የሚተዉት ብዙዎች ናቸው። ሲሻልም ቢሆን ለወራት ይቀጥላል፤ የሚቆመውም በሐኪም ምክር ነው።