የሰባ ጉበት ምንድን ነው? የዘይቱ ዓይነትስ ለውጥ ያመጣል?

ጉበት የስብ መጋዘን አይደለም። የደረሰውን ስብ ከፊሉን ያቃጥላል፣ ከፊሉን በደም አድርጎ ወደ ሌላው የሰውነት ክፍል ይልካል። የሚገባው ከሚወጣው ሲበልጥ ትርፉ እዚያው ይጠራቀማል፤ ከጉበት ሕዋሳት ከ5 በመቶ የሚበልጡት ስብ ቋጥረው ሲገኙ «የሰባ ጉበት» ይባላል። አልኮል በአፋቸው የማይዞር ሰዎችንም ይይዛል። ሕመም ስለማይሰማቸው ብዙዎቹ የሚያውቁት ለሌላ ጉዳይ አልትራሳውንድ ሲነሱ ነው።

የበላነው ዘይት በቀጥታ ሄዶ ጉበት ላይ የሚለጠፍ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ግን በሕሙማን ጉበት ውስጥ ካለው ስብ ከምግብ በቀጥታ የመጣው 15 በመቶ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይቷል። 59 በመቶው ከሰውነት የስብ ክምችት በደም የደረሰ ሲሆን 26 በመቶውን ጉበቱ ራሱ በዋናነት ከስኳርና ከስታርች ሠርቶታል።

ታዲያ የዘይቱ ዓይነት ለምን ያሳስበናል? በስዊድን የኡፕሳላ ተመራማሪዎች የሠሩት ሙከራ ከሁሉ ይልቅ አሳማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ክብደታቸው ልከኛ የሆነ 39 ወጣቶች ለ7 ሳምንታት ከመደበኛ ምግባቸው በላይ ኬክ በሉ፤ የግማሾቹ በፓልም ዘይት፣ የግማሾቹ በሱፍ ዘይት የተጋገረ ነበር። ሁለቱም ወገኖች እኩል፣ 1.6 ኪሎ ያህል ጨመሩ። የጉበታቸው ስብ ግን በፓልም የተጋገረውን በበሉት ላይ እጅግ በለጠ። በፊንላንድ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሌላ ሙከራ ደግሞ ለ3 ሳምንታት በየቀኑ 1000 ካሎሪ ትርፍ ምግብ ሰጠ፦ ትርፉ ሳቹሬትድ የሚባለው፣ ወደ መርጋት የሚያደላው ስብ ሲሆን የጉበት ስብ በ55 በመቶ፣ ስኳር ሲሆን በ33 በመቶ፣ እንደ ወይራ ዘይት ካለ ስብ ሲሆን በ15 በመቶ ጨመረ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ 15 በመቶም ጭማሪ ነው። የወይራ ዘይት ለጉበት መድኃኒት ነው ብለው ምግባቸው ላይ አብዝተው የሚያፈሱ ሰዎች ያሳዝኑኛል። የየትኛውም ዘይት አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ አለው።

ሳቹሬትድ ስብ በክፍል ሙቀት ወደ መርጋት ያደላል። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ፣ የኮኮናት ዘይት ደግሞ ከ80 በመቶ በላይ እሱ ነው፤ «ተፈጥሯዊ» የሚለው ጽሑፍ ይህን አይለውጠውም። በሱፍና በወይራ ዘይት ውስጥ መጠኑ አነስተኛ ነው። ስለዚህ የረጋውን በፈሳሹ መተካት ይጠቅማል፤ በላዩ መጨመር ግን አይጠቅምም። ጉበቱ ሰብቶ ከመጠን በላይ ለወፈረ ሰው ደግሞ ከክብደቱ ከ7 እስከ 10 በመቶ መቀነስ የጉበቱን ብግነት ጭምር ያስታግሳል፤ ዘይት መቀየር ብቻውን ይህን አያደርግለትም።