ኮይል ገባ ማለት ክትትል አለቀ ማለት አይደለም

«ኮይሉ ገብቶልኝ የለም እንዴ? ታዲያ ደግሞ ሲቲ ስካን ለምን?» ለክትትል መጥቶ ይህን የማይለኝ ታካሚ ብርቅ ነው። አርቴሪዮቬነስ ፊስቱላ የሚባለው ደም ወሳጅና ደም መላሽ ቧንቧዎች በመሃል ያሉትን ቀጫጭን ደም ስሮች ዘለው በቀጥታ ሲገናኙ ነው። ብዙ ጊዜ በብሽሽት በኩል ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ ይገባና መገናኛው ኮይል በሚባሉ ጥቃቅን የብረት ጥቅልሎች ይደፈናል። (ለኩላሊት እጥበት ተብሎ ክንድ ላይ የሚሠራው ፊስቱላ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እባካችሁ አትቀላቅሉብኝ።)

ትንንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው።

«ብረቱ ውስጤ ይዝጋል።» አይዝግም። ዛሬ በብዛት የሚገባው ፕላቲነም ነው።

«ኤምአርአይ መነሳት አልችልም።» የፕላቲነም ኮይል ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይችላል። ግን የኮይሉ ዓይነት መታወቅ አለበት፤ የተሰጣችሁን ካርድ አትጣሉ።

«ደረቴን ወጋኝ፣ ተበላሽቷል ማለት ነው።» የሳንባ ፊስቱላ ከተደፈነ በኋላ ባሉት ቀናት ሲተነፍሱ መውጋት የተለመደ ነው። ንገሩን እንጂ አትደንግጡ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ፦ «አንዴ ከተዘጋ ተዘጋ።»

ኮይል ብቻውን ቧንቧ አይደፍንም። የሚደፍነው በጥቅልሉ መሃል የሚረጋው ደም ነው፤ እሱም ቀስ በቀስ ወደ ጠባሳ ይለወጣል። ጥቅልሉ ሳስቶ ከተቀመጠ ደሙ በመሃሉ ሰርስሮ መንገዱን መልሶ ይከፍታል። ኮይሉ ጥሩ ሆኖ ሳለም ፊስቱላውን የሚመግብ ሌላ ትንሽ ደም ወሳጅ በጎን ካለ፣ ዋናው ሲዘጋ እሱ ይሰፋል፤ አንዱ ቦይ ሲደፈንበት በጎን እንደሚሰብር ውሃ። በአንጎል ሽፋን ላይ ያለ ፊስቱላማ የሚመገበው ከብዙ ቀጫጭን ደም ወሳጆች ስለሆነ፣ ከሩቅ አንዱን ብቻ መድፈን ትርፉ ድካም ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ኮይል የሚገባው በደም መላሹ በኩል ነው። በአንገት በኩል ወደ አንጎል የሚወጣው ትልቁ ደም ወሳጅ ከዓይን ጀርባ በአንድ ቀዳዳ ወደ ደም መላሽ ሲፈስ ግን፣ ቀዳዳው በደንብ ከተደፈነ ውጤቱ ብዙ ጊዜ ዘላቂ ነው። «ኮይል ጥሩ ነው ወይ?» የሚለኝን ሰው መጀመሪያ «የቱ ላይ?» የምለው ለዚህ ነው።

አንዲት እናት የሳንባ ፊስቱላቸው ተደፍኖ ለዓመታት ሳይታዩ ቆዩ። «ደህና ነኝ እኮ፣ ሳልም የለኝ» ይሉ ነበር። በኋላ ትኩሳትና ብርቱ ራስ ምታት ይዟቸው መጡ፤ አንጎላቸው ውስጥ መግል ቋጥሯል። ራጁ ላይ ኮይሉ ንቅንቅ ሳይል በቦታው ተቀምጧል፣ ቤተሰቡም በዚህ ተጽናንቶ ነበር። ራጅ ግን ብረቱን እንጂ ደሙን አያሳይም። ሲቲ ስካኑ ላይ ከኮይሉ ኋላ ያለው የፊስቱላው ከረጢት መኮማተር ሲገባው እንደ ድሮው ሰፊ ነው፤ ደሙ እያለፈ ነበር። ሳንባ ደሙን ማጣራት ሲያቅተው ባክቴሪያውም የረጋ ደሙም በቀጥታ ወደ አንጎል ይሄዳል፤ ስትሮክም የሚመጣው በዚያው መንገድ ነው። ለዚህ ደግሞ ሳል አያስፈልገውም።

ስለዚህ የሳንባ ከሆነ የመጀመሪያው ሲቲ ስካን ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ነው፣ ከዚያ በየ3 ዓመቱ ገደማ። ጥርስ ከመነቀል በፊት ለሐኪሙ ንገሩ፤ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋችኋል። ግሉኮስ ሲሰቀልላችሁ ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ እንዳይኖር ነርሷን አስታውሱ፣ ብትቆጣም ትቆጣ። የታመቀ አየር ጋን ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅን እርሱት። ለመውለድ ካሰባችሁ ከማርገዝ በፊት ታዩ፤ በእርግዝና ወቅት ፊስቱላ ሊያድግና ሊደማ ይችላል። የራስ ከሆነ ደግሞ ከልብ ምት ጋር ሹው የሚለው የጆሮ ድምፅ ከተመለሰ ቀጠሮ አትጠብቁ።

«በሽታው የኔ ብቻ ነው» የሚሉም አሉ። የሳንባ ፊስቱላ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ በዘር የሚተላለፍ የደም ስር ሕመም አለባቸው፤ ከወላጅ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ነስር የዚህ ሕመም ምልክት ነውና፣ ቤት ውስጥ ነስር የማይለቀው ወንድም ወይም ልጅ ካለ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዛችሁት ኑ።