«ለዓይን ቦታ ተውለት» ማለት ምን ማለት ነው?
ሰው ወደ ቀኝ ሲመለከት በፎቶው ቀኝ በኩል ክፍት ቦታ ይተውለታል፤ ደንቡ ይኸው ነው። ግራ የሚያጋባው፣ ብቸኝነትን ለማሳየት ሲፈለግ ደንቡ ሆን ተብሎ መጣሱ ነው።

ደሴ ላይ በጠዋት ጉም፣ ጋቢ የደረቡ አንድ አባት ከጦሳ ተራራ ግርጌ ቆመዋል እንበል። ፎቷቸውን ከጠርዝ ስንቆርጠው አፍንጫቸውን ወደ ጠርዙ አስጠግተን ጉሙን በሙሉ ከኋላቸው ብንተወው፣ ዓይናቸው የሚያርፍበት ያጣል፤ ጀርባቸውም ባዶ ይቀራል። የጎረቤት ትከሻ በጠርዝ ከገባ ይውጣ፤ ብቻቸውን መሆናቸውን ያፈርሰዋል። ጋቢውን ጨምድዶ የያዘውን እጅ ግን እኔ በፍጹም አልቆርጥም፤ አንዳንዴ ከፊት ይልቅ የሚናገረው እሱ ነው። ባዶው ከመጠን ካለፈ ደግሞ ፎቶው የጉም ፎቶ ይሆናል።