ክሪክ ሲንሸራተት ጥፋቱ የማን ነው?

ደብረ ብርሃን ያለ ጋራዥ ውስጥ ክሪኩ ተንሸራቶ መኪናው የአንዱን ልጅ እጅ ቢጫነው፣ መጀመሪያ የሚሰማው «ራሱ ነው ያልተጠነቀቀው» ነው። ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ተቀጣሪ ሥራ ላይ ከተጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው።

«ሥራ ላይ» ሲባል መኪና ሥር ተኝቶ ቡሎን መፍታት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለሥራው ብሎ ግቢ ውስጥ እያለ በዕረፍት ሰዓት የፈሰሰ ዘይት ቢጥለው፣ ድርጅቱ በመደበው ሰርቪስ ከጫጫ ሲመጣ መኪናው ቢገለበጥም ያው ነው።

አሠሪው ከኃላፊነት የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው። አረቄ ጠጥቶ ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ መግባትና በግልጽ የተሰጠ የደህንነት መመሪያ መጣስም እዚሁ ይገባሉ። የተነሳውን መኪና የሚይዝ መደገፊያ ሳይገዙ «ተጠንቀቅ እንጂ!» ብሎ መጮህ ግን ለእኔ መመሪያ አይደለም።