የብረት ቅንጣትና ቻይነት

መርካቶ ምናለሽ ተራ ብረት ሲሰበር ካያችሁ፣ ስብራቱን ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱት። አንዳንዱ እንደ ስኳር ያብለጨልጫል። ሌላው ደብዛዛና ግራጫ ነው፣ ጠርዙም የተጎተተ ይመስላል። የሚያብለጨልጨው ሳያስጠነቅቅ ቀጭ ያለ ነው። ደብዛዛው ከመበጠሱ በፊት ተለጥጧል፣ ታግሏል።

በአማርኛ ሁሉንም «ጠንካራ ብረት» ብለን እናልፋለን። እዚህ ግን ሁለት ነገር መለየት ግድ ነው። ጥንካሬ ማለት ብረቱ ቅርጹን ሳይለቅ የሚሸከመው ጭነት ነው። ቻይነት ደግሞ (እኔ የምመርጠው ቃል ይህ ነው) ስንጥቅ ከገባበት በኋላ ሳይሰበር የሚውጠው ጉልበት ነው። ሞረድ ጠንካራ ነው፤ ሲሚንቶ ላይ ከወደቀ ግን ለሁለት ሊሄድ ይችላል። ብዙውን ጊዜ አንዱን ስትጨምሩ ሌላው ይቀንሳል። ካርቦን ጨምሩ፣ ብረቱ ይጠነክራል፣ ተሰባሪም ይሆናል።

ሁለቱን አንድ ላይ የሚያሳድገው ቅንጣቱን ማድቀቅ ነው። አረብ ብረት እርስ በርስ ከተጣበቁ ጥቃቅን ክሪስታሎች የተሠራ ነው፤ ቅንጣት የምለው እነዚህን ነው። በተለመደው መንገድ በሙቀት በተዳመጠ (በሚሽከረከሩ ሮለሮች መካከል ተጨፍልቆ ባለፈ) ብረት ውስጥ የአንዱ ቅንጣት ስፋት 20 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) አካባቢ ነው። በጥንቃቄ ከተዳመጠ ወደ 5 ይወርዳል። የሰው ፀጉር 70 ገደማ ነው። ስንጥቅ በአንድ ቅንጣት ውስጥ ቀጥ ብሎ ይሮጣል። ድንበሩ ላይ ሲደርስ ግን የጎረቤቱ አሰላለፍ ሌላ ስለሆነ መታጠፍ አለበት፤ ለዚያ ጉልበት ይከፍላል። ኬላ የበዛበት መንገድ በሉት። ሆልና ፔች የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1951 እና በ1953 በየተራ ያወጡት ቀመር እንደሚለው፣ ቅንጣቱ ወደ ሩብ ሲወርድ ከድንበሮቹ የሚገኘው ጥንካሬ እጥፍ ይሆናል። ብረቱ ተሰባሪ የሚሆንበት የሙቀት መጠንም አብሮ ዝቅ ይላል።

የሙቀቱ ነገር ቀላል አይደለም። በጃንዋሪ 1943 ስኬኔክታዲ የተባለች የአሜሪካ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ፖርትላንድ ላይ እንደቆመች ለሁለት ልትከፈል ትንሽ ቀራት። ማዕበል አልነበረም። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነበር፣ ብረቱም ቻይ አልነበረም። ይህን ቀድሞ ለማወቅ የሻርፒ ፍተሻ አለ፦ 10 በ10 በ55 ሚሊ ሜትር የሆነች ቁራጭ 2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ጭረት ይቆረጥባትና በተንጠልጣይ መዶሻ ትመታለች። መዶሻው ስንት ጉልበት እንዳጣ ይለካል።

«ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» ይላል ተረቱ። ዘመናዊው ፋብሪካ ግን ተረቱን በግማሽ ነው የሚሰማው። ብረቱ 1200 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፣ ይዳመጣል፤ ከዚያ ወደ 850 አካባቢ እስኪወርድ ይጠበቃል። የመጨረሻው ዳመጣ ያኔ ነው። 0.03 በመቶ የምታህል ኒዮቢየም የተባለች ሌላ ብረት ነክ ንጥረ ነገር ቅንጣቶቹ መልሰው እንዳያድጉ ትይዛቸዋለች። በመጨረሻ ውሃ ይለቀቅበታል።

ቅንጣቱ ቢደቅም ቆሻሻ ካለበት ዋጋ የለውም። ማንጋኒዝ ሰልፋይድ የተባለው ቆሻሻ ሲዳመጥ እንደ ክር ይረዝማል። እንዲህ ያለ ብረት በቁመቱ ደህና ነው፣ በውፍረቱ በኩል ከተሳበ ግን እንደ ቀርከሃ ይሰነጠቃል። ከ1 ማይክሮን በታች ማድቀቅም የራሱ ጣጣ አለው፤ ብረቱ መለጠጥ ይቀንሳል።

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። ብዙው የዛሬ ፌሮ ከዳመጣው እንደወጣ በውሃ የተመታ ነው። ቅርፊቱ ይጠጥራል፣ እምብርቱ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፣ ከውስጥ የሚወጣው ሙቀት ደግሞ ቅርፊቱን መልሶ ያለዝበዋል። ጫፉን ቆርጣችሁ፣ አለስልሳችሁ፣ በአልኮል የቀጠነ ናይትሪክ አሲድ ብታስነኩት ጥቁር ቀለበት ብቅ ይላል። ጥንካሬው በአብዛኛው ያለው እዚያ ቀለበት ውስጥ ነው።

የከተማችን ብርድ ይህን ፌሮ አያሸንፈውም። የሚያሸንፈው እሳት ነው። ፌራዮው የኮለን ስታርተር (ከመሠረቱ ወደ ላይ የሚወጣው የአምድ ፌሮ) ቢጣመምበት በነበልባል አግሎ ያቃናዋል፤ ያ ቀለበት እዚያው ይለሰልሳል። ብየዳ ሲነካው ደግሞ ከስፌቱ አጠገብ ያለው ብረት ከ1100 ዲግሪ ያልፋል፣ የደቀቀው ቅንጣትም መልሶ ይገዝፋል። አምስት ኪሎ ቤተ ሙከራ ሄዶ ጥንካሬው እንዲለካ የሚሳበው ቁራጭ ግን አብዛኛውን ጊዜ እሳት ያልነካው ነው።